ነፍሰ ጡር እናትን ቤቷ ድረስ ሄዶ ማስተማር፦ ለማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች ዝርዝር መመሪያ

ደብተራችሁን ዝጉና አንድ ነገር ሞክሩ። ነፍሰ ጡር እናት ስታያቸው ሳትውል ሳታድር ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያለባትን የአደጋ ምልክቶች አንድ በአንድ ጥሩ። ደም መፍሰስ፣ እሺ። ከዚያስ?

ብዙዎቻችን ሦስተኛው ወይም አራተኛው ላይ ስንደርስ ጣሪያ ጣሪያውን ማየት እንጀምራለን። ሥልጠናውን ወስደናል። ፖስተሩም ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ግን ፖስተሩን ተሸክመን ቤት ለቤት አንዞርም። እኛ የረሳነውን ደግሞ እናትየዋ ከማንም ላትሰማው ትችላለች። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ ከእርግዝናና ከወሊድ ጋር በተያያዘ ምክንያት 260,000 ገደማ ሴቶች ሞተዋል። በቀን ከ700 በላይ ማለት ነው። አብዛኛውን ሞት ማስቀረት ይቻል ነበር።

ይህ መመሪያ ቤት ለቤት ለሚዞሩ የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች ነው። ሐኪም ወይም አዋላጅ አያደርጋችሁም። የምታውቁትን እንድታጣሩና እናትየዋ ልትይዘው በምትችለው መልክ እንድታቀብሏት ይረዳችኋል።

1. መጀመሪያ ራሳችሁን ፈትኑ

ወረቀት ያዙና እነዚህን ሳታዩ መልሱ። የመጀመሪያው የእርግዝና ክትትል እስከ ስንተኛው ሳምንት መጀመር አለበት? በአጠቃላይ ስንት ጊዜ? የአይረን እንክብል በቀን ስንት ይወሰዳል፣ ምን ያስከትላል? የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት በመጀመሪያውና በሁለተኛው መካከል ስንት ሳምንት ይፈልጋል? የደም ግፊት ስንት ሲደርስ ነው ከፍተኛ የሚባለው? የመውለጃ ቀን እንዴት ይሰላል? መልሶቹን ከታች ታገኟቸዋላችሁ። የሳታችሁትን አክብቡት። የምታጠኑት እሱን ብቻ ነው።

ከማያውቅ ሠራተኛ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ድሮ የተማረውን የሚያስተምር ነው። ለብዙ ዓመታት «አራት ጊዜ ክትትል» ሲባል ኖሯል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ይህን ቀይሮ ቢያንስ 8 ጊዜ አድርጎታል። የመጀመሪያው እስከ 12ኛው ሳምንት ነው። ቀጥሎ በ20 እና በ26፣ ከዚያ በ30፣ በ34፣ በ36፣ በ38 እና በ40። መጨረሻ አካባቢ ቀጠሮው የሚጠጋጋው በምክንያት ነው። የደም ግፊትና የፅንስ ችግር በብዛት ብቅ የሚለው ያን ጊዜ ነው። አገሮች ይህን ከራሳቸው ሁኔታ ጋር ያስማማሉ። ስለዚህ በሥራ ላይ ያለውን የአገራችሁን መመሪያ አዲሱን እትም ከአዋላጇ ጠይቁና ያዙ።

ብቻችሁን ከማጥናት ሁለት ሆናችሁ መጠያየቅ ይሻላል። በወር አንድ ጊዜ አሥር ደቂቃ ይበቃል። አንዷ እናት ሆና ትቀመጣለች፣ ሌላዋ ታስተምራለች። መጀመሪያ ያሳፍራል። ግን እናት ፊት ከመንተባተብ ጓደኛ ፊት መንተባተብ ይቀላል።

2. እርግዝናውን ቀድማችሁ ስሙ

እስከ 12ኛው ሳምንት ክትትል እንድትጀምር ከተፈለገ፣ መፀነሷን ሆዷ ሳይገፋ ማወቅ አለባችሁ። እዚህ ላይ ችግር አለ። ብዙ ሴቶች የመጀመሪያዎቹን ወራት ይደብቃሉ። አንዷ ካሁን በፊት አስወርዷት ስለነበር ትፈራለች። ሌላዋ የሰው ዓይን ትፈራለች። ያላገባች ወይም ተማሪ ከሆነች ደግሞ ፍርሃቷ እናንተው ናችሁ።

በሰው ፊት «እርጉዝ ነሽ እንዴ?» አትበሉ። ለሌላ ጉዳይ ቤት ስትገቡ፣ ሕፃን ለማስከተብም ይሁን ስለ ቤተሰብ ምጣኔ ለማውራት፣ ለብቻዋ ስትሆን «የወር አበባሽ ጊዜውን ጠብቆ እየመጣ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። የነገረቻችሁ ነገር ጎረቤት ጋ ከደረሰ ከሷ ጋር ብቻ አይደለም የምትጣሉት፤ የመንደሩ ሴቶች ሁሉ በራቸውን ይዘጉባችኋል።

3. ቀኑን አስሉ

እርግዝና የሚቆጠረው የመጨረሻው የወር አበባ ከጀመረበት ቀን ነው፤ 280 ቀን ወይም 40 ሳምንት። በእኛ አቆጣጠር ስሌቱ ቀላል ነው፤ ወሩ ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ። 9 ወር ከ10 ቀን ትጨምራላችሁ። መስከረም 1 ቀን ያየች ሴት ሰኔ 11 ቀን አካባቢ ትወልዳለች። በመሃል ጳጉሜ ካለ ግን 10 ቀኑ ወደ 5 ይወርዳል። ጳጉሜ 6 በሆነበት ዓመት ወደ 4። ለምሳሌ ጥር 10 ቀን ያየችው ጥቅምት 15 ቀን ላይ ትደርሳለች። ጳጉሜን መርሳት የተለመደ ስህተት ነው።

ቀኑን የማታስታውስ ከሆነ አትቆጧት። «ከበዓሉ በፊት ነው በኋላ? ትምህርት ቤት ሲከፈት መጥቶልሽ ነበር?» እያላችሁ አስታውሷት። ያም ካልሆነ ከ24ኛው ሳምንት በፊት የሚነሳ አልትራሳውንድ የእርግዝናውን ዕድሜ ይነግራል። አልትራሳውንዱ ወንድ ወይም ሴት መሆኑን ለማየት ብቻ የሚመስላቸው ስላሉ ይህን ንገሯቸው። የመውለጃው ቀን ግምት መሆኑንም እንዲሁ። በዚያው ቀን የሚወልዱት ጥቂቶች ናቸው።

4. ከማስተማር በፊት ጠይቁ፤ ከሦስት ነገር በላይ አትናገሩ

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንዲት ነፍሰ ጡር ጋ ሄጄ የማውቀውን ሁሉ በግማሽ ሰዓት አወረድኩት። አመጋገብ፣ ክትባት፣ አጎበር፣ ንጽሕና፣ ጡት ማጥባት። እሷም ራሷን እየነቀነቀች ሰማችኝ። እኔ ደስ ብሎኝ ወጣሁ። በሚቀጥለው ስሄድ «ባለፈው ምን አልኩሽ?» ብላት ትንሽ አሰብ አድርጋ «ቡና አትጠጪ ብለሽኛል» አለችኝ። እንደዚያ አላልኩም! እንክብሉን ከቡና ጋር አትዋጪ ነበር ያልኩት። ከዚያ ሁሉ ንግግር የቀረችው አንዲት ነገር ነበረች፣ እሷም ተጣምማ።

ከዚያ ወዲህ በአንድ ጉብኝት ከሦስት መልእክት አላልፍም። የመጀመሪያው ቀን ላይ ክትትል መጀመር፣ እንክብሉና የአደጋ ምልክቶቹ ይበቃሉ። የመውለጃ ዝግጅት በመካከለኛዎቹ ወራት ይምጣ። ጡት ማጥባትና የጨቅላው እንክብካቤ ደግሞ ወደ መጨረሻው። በ8ኛ ሳምንቷ ላይ ያለች፣ ጠዋት ጠዋት የምታስታውክ ሴት ስለ ጡት አያያዝ አትሰማችሁም።

ስትቀመጡም በጥያቄ ጀምሩ። ስንተኛ እርግዝናዋ ነው? ያለፈው ወሊድ እንዴት ነበር? አሁን ምን ያስጨንቃታል? በኦፕሬሽን የወለደች፣ ብዙ ደም የፈሰሳት፣ ሕፃን የሞተባት ወይም መንታ የያዘች ከሆነች በዚያው ቀን ለአዋላጇ አሳውቁ። ደህና እያደረገች ያለችውን ነገር አመስግኑ። ምክሩ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

5. እንክብሉ ላይ ጊዜ ውሰዱ

ከክትትል ትምህርት ሁሉ ቀላል የሚመስለው ይህ ነው። በተግባር ግን ብዙ የሚፈርሰው እዚህ ነው።

የተለመደው ምክር በየቀኑ ከ30 እስከ 60 ሚሊግራም አይረን ከ400 ማይክሮግራም (0.4 ሚሊግራም) ፎሊክ አሲድ ጋር መውሰድ ነው። ለእሷ ግን በቁጥር አታስጨንቋት። «በቀን አንድ፣ እስክትወልጂ» በሏት፤ የተሰጣት እንክብል መጠን ሌላ ከሆነ አዋላጇ በነገረቻት መሠረት። ምክንያቱን ግን ንገሯት። በእርግዝና ጊዜ የእናት ደም እስከ ግማሽ ያህል ይጨምራል፣ ያን ሁሉ ለመሥራት አይረን ይፈልጋል። ደም ያነሳት ሴት ስትወልድ ጥቂት ደም ቢፈሳት እንኳ ትጎዳለች። ፎሊክ አሲዱ የሕፃኑ አንጎልና ህብለ ሰረሰር በትክክል እንዲዘጋ ይረዳል። ይህ የሚሆነው ከተፀነሰ በኋላ ባሉት 4 ሳምንታት ገደማ ስለሆነ ለመፀነስ ያሰበች ሴት ቀድማ ብትጀምር ይመረጣል።

አሁን እንክብሉን እንድታቋርጥ ወደሚያደርጓት ነገሮች እንምጣ። ሰገራ ይጠቁራል። ይህን ቀድማችሁ ካልነገራችኋት ሆዴ ውስጥ ደም ፈሰሰ ብላ ትጥለዋለች። ያቅለሸልሻል፤ ማታ ከመተኛቷ በፊት ወይም ከምግብ ጋር ስትውጠው ይቀላታል። ሆድ ያደርቃል፤ ውሃ ትጠጣ፣ አትክልትና ፍራፍሬ ታብዛ። ሻይና ቡና አይረኑን እንዳይመጠጥ ያደርጋሉ፤ አንድ ሁለት ሰዓት ይራራቁ። ካልሲየም የታዘዘላትም ሁለቱን በአንድ ጊዜ አትዋጥ።

«ሕፃኑን አግዝፎ ምጥ ያስቸግራል» የሚል ወሬም አለ። ስትሰሙ አትሳቁ። «ይህን የሚሉ ብዙ ናቸው፤ እንክብሉ የሚሠራው ግን ደም ነው፣ ሕፃኑን አያገዝፈውም» በሏት።

«እየወሰድሽ ነው?» ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ፤ መልሱ «አዎ» ነው። እንክብሉን አምጪው በሏትና አብራችሁ ቁጠሩ። ከተሰጣት 30 ውስጥ በሁለት ሳምንት 27 ከቀረ ነገሩ ግልጽ ነው። ያኔ ሳትወቅሱ «ምን አስቸገረሽ?» በሉ። ሳትወጡ ደግሞ የት እንደምታስቀምጠው እዩ። ትንሽ ልጅ አይረን ከረሜላ መስሎት ከዋጠ ሊመረዝ፣ ሊሞትም ይችላል።

6. ጤና ተቋም ምን እንደሚጠብቃት ንገሯት

ሰው የማያውቀውን ይፈራል። የደም ግፊቷ ይለካል፣ ሽንቷ ይመረመራል፣ ደሟ ይወሰዳል። ደሙ የሚወሰደው የደም ማነስን፣ የደም ዓይነቷን፣ ኤችአይቪንና ቂጥኝን ለማወቅ ነው። ቂጥኝ በፔኒሲሊን ይድናል። ኤችአይቪም ቢገኝ በመድኃኒት ሕፃኑ እንዳይያዝ ማድረግ ይቻላል። ይህን ቀድማ ካወቀች ከምርመራው አትሸሽም።

ተከትባ የማታውቅ ከሆነች የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ሁለት ጊዜ ትወስዳለች፤ ቢያንስ 4 ሳምንት ተራርቆ። ሁለተኛው ከወሊድ ቢያንስ 2 ሳምንት መቅደም አለበት። አርፍዳ የምትመጣ እናት የምትጎዳበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ወባ ባለበት አካባቢ በመድኃኒት የተነከረ አጎበር የግድ ነው፤ መከላከያ እንክብል በሚሰጥበት አገርም ከ13ኛው ሳምንት ጀምሮ በወር ልዩነት ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይወሰዳል። የሆድ ትላትል በሚበዛበት ቦታ መድኃኒቱ የሚሰጠው ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በኋላ ነው። እናንተ ራሳችሁ አትስጡ፤ መቼ እንደሚሰጥ ግን እወቁ።

አልኮልና ሲጋራ አይሆኑም። «ትንሽ ብቻ» ለምትለውም መልሱ ያው ነው።

7. የአደጋ ምልክቶችን ከራስ እስከ እግር

መጀመሪያ ላይ የጠየቅኳችሁ ይሄ ነበር። በዝርዝር መልክ ሲጠና ይጠፋል። በአካል ሲጠና ግን ይቀራል። ከራሳችሁ ጀምራችሁ በእጃችሁ እየነካችሁ ውረዱ፣ እሷም አብራችሁ ትንካ።

ራስ፦ የማይለቅ ከባድ ራስ ምታት፣ ራስን ስቶ መንቀጥቀጥ። ዓይን፦ ብዥ ማለት። ፊትና እጅ፦ እብጠት። ደረት፦ የትንፋሽ ማጠር። ሆድ፦ ከባድ ሕመም፣ የሕፃኑ እንቅስቃሴ መቀነስ ወይም መቆም። ከዚያ በታች፦ ደም፣ ያለ ጊዜው የሚፈስ የእንሽርት ውሃ። መላ ሰውነት፦ ትኩሳት፣ ከአልጋ መነሳት እስኪያቅት መድከም።

ማብራሪያ የሚፈልጉ አሉ። ደሙ ትንሽ ቢሆንም፣ ባያማትም ትሂድ። የእንግዴ ልጁ ከታች ሲሆን የሚፈሰው ደም ብዙ ጊዜ ሕመም የለውም፣ እና ስለማያም ይናቃል። ሲመሽ የእግር ማበጥ በብዙ ነፍሰ ጡሮች ላይ ያለ ነው። ፊትና እጅ ሲያብጥ፣ ራስ ምታትና የዓይን ብዥታ ሲጨመርበት ግን የደም ግፊት ይጠረጠራል። 140/90 እና ከዚያ በላይ ከፍተኛ ነው። ግፊት መለኪያ ባይኖራችሁም ምልክቱ ይበቃል፣ ላኳት። የሕፃኑ እንቅስቃሴ አብዛኛውን ጊዜ በ16 እና በ24 ሳምንት መካከል ይሰማል። ከዚያ በኋላ እናትየዋ የልጇን ልማድ ታውቃለች። «ዛሬ ዝም አለብኝ» ስትል «ተኝቶ ይሆናል» ብላችሁ አታጽናኑ።

አንድ ስህተት ላንሳ። «ምልክት ካየሽ መጥተሽ ንገሪኝ» እንላለን። ተሳስተናል። ወደ እኛ መምጣት ጊዜ ማባከን ነው። «ቀጥታ ወደ ጤና ተቋም ሂጂ፤ ለኔ በስልክ ንገሪኝ፣ ሌሊትም ቢሆን» በሏት።

8. ቤተሰቡን ሰብስቡ

እ.ኤ.አ. በ1994 ታዴየስና ሜይን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እናቶች የሚሞቱባቸውን መዘግየቶች በሦስት ከፈሏቸው። ለመሄድ መወሰን፣ ተቋሙ ጋ መድረስ፣ እዚያም ደርሶ ሕክምና ማግኘት። ሦስተኛው ከእናንተ እጅ ውጭ ነው። የመጀመሪያው ግን ሙሉ በሙሉ ቤት ውስጥ ነው ያለው። አብዛኛውን ጊዜ ወሳኟ እሷ አይደለችም። ባልየው ነው፣ ወይም አማትየዋ።

አማትየዋን ከውጭ አትተዉ። «እማማ፣ እርስዎ ወልደው አሳድገው አይተዋል። ሌሊት ደም ቢፈሳት ማን ቀድሞ ይነሳል?» ብትሏት ከተቃዋሚነት ወደ አጋርነት ትመጣለች። «ድሮ የነበረው ልክ አይደለም» ብላችሁ ከጀመራችሁ ግን ጨዋታው እዚያው አለቀ።

ሁሉም በተቀመጡበት እነዚህን አስመልሱ። የት ትወልጃለሽ? መኪናው የማን ነው፣ ስልኩ የት ተጽፏል? ባልየው መንገድ ላይ ከሆነ ማን ይወስናል? ገንዘቡ የት ይቀመጣል? ደም ቢያስፈልግ ማን ይሰጣል? ትልልቆቹ ልጆች ከማን ጋር ይሆናሉ? «እናያለን» የሚል መልስ አትቀበሉ። ስም ይጻፍ። ወረቀቱ ከክትትል ካርዱ ጋር ይቀመጥ።

9. «ገባሽ?» አትበሉ

ለዚህ ጥያቄ «አልገባኝም» ብሎ የሚመልስ ሰው አላየሁም። ይልቅ «በደንብ መናገሬን ልይ፤ ለባለቤትሽ እንዴት አድርገሽ ትነግሪዋለሽ?» በሉ። ሸክሙን ከእሷ ወደ እናንተ ታዞሩታላችሁ፤ ፈተና አይመስላትም። ከሳተች በሌላ አባባል ድገሙት። የአደጋ ምልክቶቹን ከራሷ እስከ እግሯ እየነካች ከነገረቻችሁ ተሳክቶላችኋል። ከእሷ አልፎ ባልየውም ከደገመው ደግሞ እሰየው።

የሚቀጥለው ጉብኝት የሚጀምረውም ከዚሁ ነው። አዲስ ነገር ከመናገራችሁ በፊት የባለፈውን አስደግሙ። የጠፋው ካለ አዲሱ ይቆይ።

10. መዝግቡ፣ ተመለሱ

የቀጠሮዋን ቀን ጻፉ፤ በቀጠሮው ማግስት መሄዷን አረጋግጡ። ሪፈር የጻፋችሁላት ከሆነ መድረሷን ለማረጋገጥ ለአዋላጇ ደውሉ። በቤቷ ውስጥ ድብደባ ካለ ወይም ሁልጊዜ የምታለቅስና ሰው የምትሸሽ ከሆነ፣ ያን በቤተሰብ ፊት አታንሱ፤ ለብቻዋ አነጋግሯትና ወደ ባለሙያ አገናኟት። በእርግዝና ጊዜ ቢያንስ ሁለቴ ቤቷ ሂዱ። ከወለደች በኋላ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን፣ በ3ኛውና በ7ኛው ቀን። ጡት በመጀመሪያው ሰዓት እንድታጠባ፣ እስከ 6 ወርም ሌላ ምግብ ይቅርና ውሃም እንዳትሰጥ ያስተማራችሁት በነዚያ ቀናት ይፈተናል።

ደብተራችሁ ጀርባ ላይ አንድ ገጽ ባዶ ተዉ። እናቶች ጠይቀዋችሁ መመለስ ያቃታችሁን ጥያቄ ሁሉ እዚያ ጻፉ። «አላውቅም፣ ጠይቄ እመጣለሁ» ማለት አያሳፍርም። በሳምንቱ አዋላጇን ጠይቁ፣ መልሱንም ይዛችሁ የጠየቀችው ሴት ቤት ተመለሱ።